ሹፌሩን የሚጠይቀው ማን ነው?

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ እስከ አንኮበሯ ጎረቤላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጭር መንገድ ይመስላል። ጉም በወረደ ቀን ግን ከፊት የሚመጣው መኪና አጠገባችሁ እስኪደርስ አይታይም፤ ደጋው ሲያልቅ ደግሞ ገደሉን ይዞ የሚወርደው ጠመዝማዛ ይጀምራል። በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱም ይህንኑ ያውቁታል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሹፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያወራ፣ ወይም ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ሲነዳ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ያለው አማራጭ ጸሎት ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ደፍረው "ልጄ፣ ስልኩን ተወው" ቢሉ ረዳቱ ቀድሞ "አባት፣ ካልተመቸዎት ይውረዱ" ይላቸዋል።

ጥፋት ሁሉ እኩል አይደለም። ከታሪፍ በላይ መቀበል ያስቆጣኛል፤ በተለይ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የተቸገረን ሰው ኪስ ማራቆት ነውር ነው። ይህ ግን በገንዘብ ቅጣት ሊታረም ይችላል። ጠጥቶ መሪ መጨበጥ፣ ትርፍ ሰው አጭቆ "ዝቅ በሉ፣ ትራፊክ አለ!" እያሉ በቁልቁለት መብረር፣ ተሳፋሪ መደብደብ፣ ተማሪ ልጅን መነካካት፣ ሲመሽ ሰውን ከመንገድ አውርዶ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያደረገ ሰው በማግስቱ ያንኑ መኪና ይዞ ከመናኸሪያ መውጣት የለበትም።

ሕጉ ይህን አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 የሥራ ውል ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥባቸውን ጥፋቶች ይዘረዝራል፤ በአንቀጽ 14 ለሠራተኛ የተከለከሉትንም ይጨምርባቸዋል። ሆን ብሎ ሕይወትንና ንብረትን ለአደጋ ማጋለጥ፣ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት፣ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳ መፈጸምና ሰው መደብደብ ሁሉም አሉበት። አሠሪው ጉዳዩን እስኪያጣራ ሠራተኛውን እስከ 30 የሥራ ቀናት ማገድ ይችላል። ሲያሰናብት ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጥፋቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ዝም ካለ ደግሞ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አሠሪ ነኝ የሚል ሰው ሲኖር ነው። በሚኒባስና በቅጥቅጥ ሥራ ሹፌርና ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚስማሙት በቃል ነው። ባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ይጠይቃል፤ ከገቢውና ከነዳጁ የተረፈው የሹፌሩና የረዳቱ ነው። ተሳፋሪ አቤት ሲል "እኔ ገቢዬን ነው የምቀበለው፣ ሹፌሩን አናግሩት" ይባላል። ሹፌሩ ቢባረር እንኳ በማግስቱ ሌላ መኪና ላይ ይታያል፤ አዲሱ ባለንብረት መንጃ ፈቃዱን አይቶ ቁልፉን ይሰጠዋል፣ ትናንት ምን እንዳደረገ የሚነግረው ወረቀት የለም። "ገቢዬን ነው የምቀበለው" የሚለው መልስ ግን በሕግ ፊት አያዋጣም። አዋጁ በአንቀጽ 7 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

የውል ወረቀቱ የሚጠቅመው ተሳፋሪውን ብቻ አይደለም። ያለ ጥፋቱ "ነገ እንዳትመጣ" የተባለ ረዳት ሠራተኛ እንደነበር በምን ያስረዳል? አዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ገቢ ለመሙላት ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ የሚውለውን ሰው ግን ማንም ሰዓቱን አይቆጥርለትም። እንቅልፉን ለማባረር ጫት የሚቅመው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሹፌሮች መካከል ነው። ጥፋቱን አላቃልልለትም። ገቢውን የተመነው ሰውም እጁ እንዳለበት ግን መነገር አለበት።

በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባውን አንበሳ አውቶቡስ አስቡት። ሹፌር የበደለው ሰው የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር ይዞ የሚሄድበት ድርጅት አለ። እንከን የለበትም አልልም፤ አቤቱታ የሚቀበል በር ግን አለው። በእርግጥ በሩ ብቻውን አይበቃም። መስከረም 2 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ቻትስዎርዝ በተባለ ቦታ የመንገደኞች ባቡር ከዕቃ ጫኝ ባቡር ጋር ተጋጭቶ 25 ሰዎች ሞቱ። ነጂው በስልኩ መልእክት ሲጻጻፍ ቀዩን መብራት ማለፉን መርማሪዎች አረጋገጡ። ሰውየው ከዚያ በፊትም በሥራ ላይ ስልክ በመጠቀሙ ተመክሮ ነበር። ተመከረ፣ ታለፈ፤ ከዚያ የሆነው ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ መካሪው እንኳ ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለደብረ ብርሃን ከተማ የትራንስፖርት ኃላፊዎች ነው። ስምሪት ስትሰጡ ሊብሬና መንጃ ፈቃድ እንደምትጠይቁ ሁሉ የሹፌሩንና የረዳቱን የሥራ ውል ጠይቁ። የባለንብረት ማኅበራትም ከባድ ጥፋት ፈጽሞ የተሰናበተን ሰው፣ መልሱን ሰምታችሁና በማስረጃ አጣርታችሁ፣ በመዝገብ ያዙት፤ ሌላው አባል ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት መዝገቡን ይይ። የአቤቱታ ስልክ ቁጥር በየመኪናው ውስጥ ይለጠፍ፤ የሚደውለውም ሰው መልስ ያግኝ። እናንተም ተሳፋሪዎች፣ እኚያ ሽማግሌ ሲናገሩ ብቻቸውን አትተዉአቸው።