ከበሮው የማን ነው?

ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሻደይ፣ የአሸንድዬ፣ የሶለልና የአሸንዳ «አዲስ ክሊፕ» ይጎርፋል። ኪቦርድ ይገባበታል፣ ድሮን ይነሣበታል። ይሁን! ባህል ስቱዲዮ ስለገባ አይረክስም። ግን በስንቱ ክሊፕ ላይ ነው ወንዱ ዘፋኝ መሐል ቆሞ፣ ልጃገረዶቹ ከኋላው የሚወዛወዙት?

በዓሉ እኮ የእነሱ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ተጾሞ፣ በ16 የእመቤታችን ዕርገት ሲከበር ከበሮውን የምትመታው ልጃገረዷ ናት። ግጥም የምታወጣው እሷ፣ የሚቀበሏት ጓደኞቿ። ወገቧ ላይ ለምለሙን ሣር አስራ በየደጁ ትዞራለች፤ ለሰጣት ትመርቃለች።

«ለድንግል ማርያም ክብር ነው የሠራነው» ይባላል። እናቲቱን አክብሮ፣ በበዓሏ የምትጫወተውን ልጅ የክሊፕ ማድመቂያ ማድረግ ምን የሚሉት ክብር ነው?

«ዜማው የሕዝብ ነው» የሚለውም ማምለጫ ነው። የሕዝብ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። ሰቆጣ ወይም ላሊበላ ሄዶ ከሴቶች አፍ ግጥም የለቀመ ሰው ከማን እንደወሰደ ያውቃል።

ስማቸው ይጻፍ። ድርሻቸው ይከፈል። ማይኩም ለልጃገረዷ ይሰጥ። ድሮኑ ከዚያ በኋላ ይነሣል።