መንጃ ፈቃድ ብቻውን ነጂ አያደርግም

ወደ ንግድ ቤታችን ከሚመጡት ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት ዕቃ ለመግዛት የሚመጡ አይደሉም። አንዱ ዋስ ይፈልጋል፤ ሌላው «የጭነት መኪና መንዳት ልማር ነውና የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ አዲሱን መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሥራ ይለምናል። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ እናንተንም የወንድማችሁ ወይም የእኅታችሁ ልጅ ይህንኑ ሳይጠይቃችሁ እንዳልቀረ እገምታለሁ። እኔ በአንድ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የነጂዎችን የቅጥር ደብዳቤ ስጽፍ፥ የአደጋ ማመልከቻም ሳዘጋጅ ያየሁትን በዚህ ጋዜጣ ለመናገር እደፍራለሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከሞላ ጐደል በጅቡቲ ወደብ ላይ የተመሠረተ ሆኗል። አዲሱ ባቡር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም አብዛኛው ጭነት ዛሬም የሚጓዘው በመኪና ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ፥ በሚሌና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነ ደጋ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ወጣት መኪናን ከነተሳቢው ሲረከብ የብዙ ሰዎችን ገንዘብና ሕይወት መረከቡ ነው።

ቀድሞ ነጂ ለመሆን የሚሻ ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው በረዳትነት ነበር። ጐማ እየፈታ፥ ሸራ እያሰረ፥ ከዋናው ነጂ አጠገብ ተቀምጦ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ መሪ ይይዛል። ያ ልማድ ጕድለት አልነበረውም አልልም፤ ረዳቱ ለድካሙ የሚገባውን ሳያገኝ ይኖር ነበር፤ የዋናውንም ክፉ ዐመል አብሮ ይማር ነበር። ሆኖም መሪውን ሲይዝ መንገዱን ያውቀዋል። ዛሬ ግን በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ወጣቱ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተምሮ፥ ተፈትኖ፥ ፈቃዱን ይቀበላል። ሥርዓቱ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ፈቃዱን የሙያው መጨረሻ አድርገን ስንቈጥረው ነው፤ ፈቃድ የሙያ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለምና።

ይህን የምናገረው በሰማሁት ሳይሆን በገዛ እጄ በጻፍሁት ነው። በ2009 ዓ.ም. ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወር ያልሞላው አንድ ወጣት በምሠራበት ቤት ተቀጠረ። በሦስተኛው ሳምንት ሳሙናና የምግብ ዘይት ጭኖ ወደ ደሴ እንዲሄድ ታዘዘ፤ የጉዞውን ትእዛዝ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ፥ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ ወረደ። ፍሬኑ ጋለ፤ ጨሰ፤ ኋላም መያዝ ተወ። ወጣቱ መኪናውን ከተራራው ጥግ ጋር በማላተሙ ከገደል ተረፉ፤ ዳሩ ግን ረዳቱ ጭኑ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ያነክሳል። በኋላ ሲጠየቅ ትምህርቱን ሁሉ የተማረው በባዶ መኪና፥ በሜዳ ላይ መሆኑን ተናገረ። ማነው ጥፋተኛው? ትምህርት ቤቱ ቁልቁለት አላሳየውም፤ እኛም ከጐኑ ሰው ሳናስቀምጥ ላክነው። ይህ ሁሉ ሳለ ኪሣራውን ወጣቱና ዋሱ እንዲከፍሉ የሚያስታውቅ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ፤ አዘጋጀሁም። ዋሱ ድኻ አጎቱ ነበረ። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የክፍያውን ማነስና የጊዜውን ማጠር አይመልከት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሞ ይመልከት፤ ትምህርታቸውን የጨረሱትንም ይጠይቅ። ባንድ መኪና ስንት ተማሪ ይፈራረቃል? እያንዳንዱ መሪውን ይዞ ስንት ሰዓት ይነዳል? ልምምዱ በሜዳ ብቻ ነው ወይስ ገበያና ዳገት ባለበት መንገድ ጭምር? ተሳቢ ያለውን መኪና ወደ ኋላ መንዳት ያስተምራሉ? አስተማሪውስ ራሱ ጭነት ጭኖ አገር አቋርጦ ያውቃል? ከጉዞ በፊት ዘይቱን፥ ውሃውን፥ ጐማውንና የፍሬኑን አየር መመርመርን እንደ ዋና ትምህርት የሚቈጥር ትምህርት ቤት ከሌላው ይበልጣል። ሽማግሌ ነጂዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ምክር አጭር ቢሆንም የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን ነው፤ መኪናውን በቁልቁለት የሚይዘው በመጀመሪያ ሞተሩ ነውና፥ ፍሬን እንዳይግል ተቈጥቦ የሚሠራበት ነው። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በእግር የሚያስተምር ሰው መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያውን አሠሪ መምረጥ ደግሞ ትምህርት ቤት ከመምረጥ ይብሳል። ብዙዎቹ ወጣቶች የሚጠይቁት «በጕዞ ስንት ይከፍላል?» ብለው ነው። እኔ ግን አስቀድሞ «በመጀመሪያው ወር ከጐኔ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ። የአሠሪውን ጠባይ ለማወቅ ወደ ቢሮው መሄድ አያስፈልግም፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ የሚጠብቁትን ነጂዎቹንና ረዳቶቹን መጠየቅ፥ የመኪናዎቹንም ጐማ መመልከት ይበቃል። ጐማው ያለቀ፥ ነጂው በየጊዜው የሚለወጥ ቤት ደመወዙ ቢበዛም አዲስ ሰው የሚያድግበት አይደለም።

ደብዳቤውም በጥንቃቄ ይነበብ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። የቅጥር ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከደመወዝም በዘፈቀደ አይቈረጥም፤ ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ፥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህ ሲኖርም በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ከሢሶ አይበልጥም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጕዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኀላፊ ነው። ዋስ የምትሆኑ ዘመዶችም ስለምን ያህል ገንዘብና ስለየትኛው ጥፋት እንደምትዋሱ ሳታነቡ አትፈርሙ።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ሁለት ነጂ ባንድ መኪና ማስቀመጥ ወጪ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ አበሉ ይጨምራል። ደግሞም ያሠለጠኑት ሰው ሙያውን ካወቀ በኋላ ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ሰው የጥቂት ሳምንት አበል ከተገለበጠ መኪና፥ ከፈሰሰ ዘይትና ከተሰበረ አጥንት ጋር ቢመዘን ምን ያህል ይሆናል? የሠለጠነ ነጂ ቢሄድብንም ከሌላው ቤት ደግሞ የሠለጠነ ይመጣልናል፤ ሁላችንም ካላሠለጠንን ግን ሁላችንም ያልሠለጠነ ስንለዋወጥ እንኖራለን።

ስለዚህ መኪና ላላቸው አባሎች ሁሉ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሕጉ በጽሑፍ የተደረገ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ይፈቅዳል። ይህ ጊዜ ወጣቱን ብቻውን ልከን የምንፈትንበት ሳይሆን ከነባር ነጂ ጋር አስቀምጠን የምናስተምርበት ይሁን፤ ይህም በቅጥሩ ደብዳቤ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ወጣቱም እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚሰጠውን ቤት፥ ደመወዙ በጥቂቱ ቢያንስም፥ ይምረጥ።

እንደኔ በጸሐፊነት ለምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም የምለው አለኝ። የአዲስ ነጂ የጉዞ ትእዛዝ እንድትጽፉ ስትታዘዙ ብዕራችሁን ጥቂት አሳርፋችሁ «አብሮት የሚሄደው ማን ነው?» ብላችሁ አሠሪያችሁን በትሕትና ጠይቁ። እኔ በ2009 ዓ.ም. ይህን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።