ጣት ከምላስ ሲፈጥን



ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ አንድ የማከብራቸው አባት እጄን ያዝ አድርገው፣ «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህና ልጠይቅህ። ይህን ፌስቡክ የሚሉትን ፊትና መንግሥት ለምን ጨርሶ አይዘጋልንም? ፊርማ አሰባስበን ብናመለክትስ?» አሉኝ። ሐሳባቸው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ መስጊድ መቃጠሉን የሰማ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። «እናስብበት አባቴ» ብዬ ተለየኋቸው። ሳስበው ሰነበትኩ። መልሴ «አይሆንም» ነው። ምክንያቴን ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለጀመዓው ሁሉ ልንገር።

እንጀራዬ ጽሕፈትና ኅትመት ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ እሠራለሁ። መስቀል ያለበትም «ቢስሚላህ» ያለበትም ካርድ ከአንዲት ማሽን ይወጣል። አብዛኛውን ዲዛይን ከኢንተርኔት አውርጄ ስምና ቀን እቀይርበታለሁ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሥዕል ምን እንደሆነች የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔም ሁልጊዜ ልብ አልላትም። ገበያ ላይ ደግሞ በአሮጌ ካላንደርና በመጽሔት ገጽ ዕቃ ይጠቀለልበታል፣ ግድግዳ ይለጠፍበታል። በእኛ አገር ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በላዩ ያለው ሳይነበብ ነው።

ለዚህ ነው የእስቴው ነገር ከሁሉ ይበልጥ እኔን የሚከነክነኝ። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ በአንድ ሠርግ ላይ የማርያም ሥዕል ያለበት ወረቀት ተዋረደ የሚል ወሬ ተነዛ፤ መስጊዶችም ተቃጠሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለማርያም ያላቸውን ክብር እናውቃለን። እኛም መርየምን እናከብራለን፤ በቁርኣን በስሟ የተሰየመ ሱራ አለ። «ይህ ወረቀት ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ከክብሪቱ ቢቀድም ኖሮ ጉዳዩ በሽማግሌ የሚያልቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከአባይ ማዶ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ።

ወሬ ድሮም ነበር። ግን ከጋይንት ስማዳ በእግር የሚሄድ ወሬ ቢያንስ መንገድ ላይ ያድራል፤ ያደረበት ቤት አንድ አስተዋይ ሰው አይጠፋም። ስልክ ያንን ማደሪያ አጠፋው። ስልካችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፊያው ከአውራ ጣት ሥር ነው፣ አንድ ንክኪ ይበቃዋል። «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቂያ ቁልፍ ግን አልተሠራለትም። ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። ከኩባንያው የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣዋን ምልክት ከአንድ «ላይክ» አምስት እጥፍ ይቆጥርላት ነበር። ያናደደን ነገር ወደ ብዙ ሰው ይደርስ ነበር ማለት ነው። እኛ በገዛ ሐዘናችን ስንቆጣ ሌላው ገበያውን ይቆጥራል።

ታዲያ ይዘጋ? አባቴ፣ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው ሰላማዊ ጥያቄ ከአዲስ አበባ አልፎ በየክልሉ የተሰማው በምን ነበር? ቴሌቪዥኑ የእኛ አልነበረም። ጋዜጣው የእኛ አልነበረም። በዚያው ስልክ፣ በዚያው ፌስቡክ ነበር። «በዚህ ጁምዓ ቢጫ ካርድ ይዛችሁ ኑ» ሲባል ቢጫው ይወጣል፤ «ዝምታ ነው» ሲባል በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እጁን እንደታሰረ ሰው አጣምሮ በዝምታ ይቆማል። እኔ የኅትመት ሰው ነኝና ይህን የማየው በሙያዬ ዓይን ነው። ማንም ማንበብ የማይችል እናት የምትረዳው፣ ማንም በሐሰት ሊተረጉመው የማይችል፣ ድንጋይ የማያስነሳ መልእክት ነበር። ከዚያ የተሻለ ዲዛይን አላየሁም። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የያዘው እጅ ሥርዓት ነው።

አፍ የመዝጋትንም ዋጋ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ሲታወጅ ለሁሉም ደኅንነት ነው ተባለ። በ2004 ሐምሌ ግን ኮሚቴዎቻችንና የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ በእርሱ ተያዙ፤ በ2007 ሐምሌ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ጥላቻን የሚሰብክ ይጠየቅ፣ አልቃወምም። ነገር ግን ለመዝጋት የሰጠነው ቁልፍ ነገ በየትኛው በር ላይ እንደሚዞር አናውቅም። የተቃጠለ መስጊድ ጥያቄው «ያቃጠለው ለፍርድ ይቅረብ» ነው። «ሁሉም ዝም ይበል» ብለን ካመለከትን ያ ጥያቄያችንም አብሮ ዝም ይላል።

መዘጋቱንም ቀምሰነዋል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወሬ አልተቋረጠም፤ በመኪና መጣ። ጎረቤቴ ልጇ ሳዑዲ ናት፤ የሚገናኙት በኢሞ ነበር። «እዚያ ያሉ ልጆች ታስረዋል፣ የሞቱም አሉ» የሚል ወሬ ከመናኸሪያ ሰማች። የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም። ልጅቱ በውድ ሒሳብ በመደበኛ ስልክ እስክትደውል ድረስ ሳምንታት እህል አልቀመሰችም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ውሸቱ በእግሩ ይደርሳል፤ ማስተባበያው ነው የሚታሰረው።

ስለዚህ ፊርማው ይቅርና ሌላ ነገር እንሥራ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን አረጋግጡ ብሎ ያዘዘን ስልክ ሳይፈጠር ከ1,400 ዓመት በፊት ነው። ትእዛዙ አለ፤ የጎደለው አሠራር ነው።

አንደኛ፣ በየመስጊዱ ጀመዓው የሚያምነው አንድ ሁለት ሰው ይመደብ። የሚያስቆጣ ነገር ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት ለእነርሱ እንደውል። እነርሱም የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪና የአገር ሽማግሌዎችን ስልክ አስቀድመው ይያዙ። እሳት ከተነሳ በኋላ ስልክ ቁጥር አይፈለግም።

ሁለተኛ፣ ጥቃት ሲደርስ ፎቶና ቪዲዮ ይነሳ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎ ይቀመጥ። ይህ የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። ያልተረጋገጠ የሌላ አገር ሥዕል ጨምረን ስንለጥፍ ግን እውነተኛውን ሐቃችንንም እናስጠረጥራለን።

ሦስተኛ፣ ሠርግ የሚደግስ ሰው የሚያነጥፈውን፣ የሚለጥፈውንና የሚጠቀልልበትን ወረቀት ይመልከት። እኔ በበኩሌ ሱቄ ውስጥ ሁለት ካርቶን አስቀምጫለሁ፤ የአላህ ስም ያለበት ብልሽት ወረቀት በአንዱ፣ የክርስቲያኖቹ ሥዕል ያለበት በሌላው ይገባል። የመጀመሪያውን እኔ አቃጥላለሁ፤ ሁለተኛውን ጎረቤቴ ዲያቆኑ መጥቶ ይወስዳል። እስካሁን ያስወጣን ወጪ ሁለት ካርቶን ነው።

አባቴ፣ ጥያቄዎን ንቄ አይደለም። ምላሳችን እንዲዘጋ ከምንለምን ጣታችንን እናሠልጥን ብዬ ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኢንሻአላህ እዚያው በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ የሁለቱን ሰዎች ስም አብረን እንጠቁም።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ከፊትና ይጠብቅልን።

ድምፃችን ይሰማ!