ተመስገን ማለት አፍ መዝጊያ አይደለም

ሐዋሳ ውስጥ ማንንም ሰው «እንዴት ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከገበያው እስከ አሞራ ገደል መልሱ አንድ ነው፦ «ተመስገን»። ኪራይ የተጨመረበትም፣ ኪራይ የጨመረውም እኩል «ተመስገን» ይላሉ። ቃሉን እወደዋለሁ። ሁሉ ነገር እያለቀበት ምስጋና ያላለቀበት ሰው ሀብታም ነው። ጠቤ ቃሉን የሌላ ሰው አፍ መክደኛ ከሚያደርጉት ጋር ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። ልጅቷ ከሥራ ተቀንሳለች፣ የኪራይ ቀን ደርሶባታል፤ እነሱ ግን «አታማርሪ፣ አመስግኚ፣ ከአንቺ የባሰ አለ እኮ» ይሏታል። ቆይ፣ ከእኔ የባሰ ሰው መኖሩ በምን ሒሳብ ነው የሚያስደስተኝ? በሉቃስ ወንጌል ውስጥ እንዲህ እያለ ያመሰገነ ሰው አለ። ቤተ መቅደስ ገብቶ፣ እንደ ሌሎቹ ስላልሆነ፣ በተለይም እንደዚያ እንደ ቀራጩ ስላልሆነ ፈጣሪውን አመሰገነ። ፈሪሳዊው ነው። ጸሎቱ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነበር፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ደረቱን እየደቃ ምሕረት የለመነው ቀራጭ ነው።

እዚሁ ከተማችን የሆነውን እንይ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ገቡበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጀማሪ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ስለዚህ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራዩ ኖሩ። በኅዳር 2014 ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ደግሞ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ብዙዎች ሥራቸውን አጡ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

እነዚህ ነገሮች ሁሉ ስም አላቸው። ጦርነት፣ ደመወዝ፣ ፖሊሲ፣ ምንዛሪ። ስም ያለውን ነገር ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ጠቅልሎ ለተጎጂዋ ማስረከብ እምነት አይባልም። ሰው የሠራውን ፈጣሪ ላይ መለጠፍ ነው።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። በሙያችን ከሚያስፈሩ ነገሮች አንዱ ኤረር የሚውጥ ኮድ ነው። ሲስተሙ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰበራል፤ ኮዱ ስህተቱን ይይዝና ምንም ሳይመዘግብ፣ ለማንም ሳይናገር ያልፈዋል። ስክሪኑ ላይ ሁሉ ሰላም ነው። ከወራት በኋላ ዳታው መበላሸቱ ሲታወቅ ከየት እንደጀመረ የሚያሳይ ሎግ የለም። «ሁሌ ደስ ይበልህ» የሚለው ስብከታችን ብዙ ጊዜ እንደዚህ ኮድ ነው። ሰው ፈገግ እያለ ውስጡ ይበላሻል፤ አንድ ቀን ሲወድቅ ሁላችንም «እንዴ፣ ደህና አልነበረም እንዴ?» እንላለን።

መጽሐፉ ግን ሎጉን አያጠፋም። ዕንባቆም በለሱ ባያፈራ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ ደስ እንደሚለው በመናገር ይታወቃል። ያው ዕንባቆም ግን መጽሐፉን የሚጀምረው እየጮኸ ነው፤ እስከ መቼ ዝም ትለኛለህ እያለ። ደስታው ላይ የደረሰው በጩኸቱ በኩል አልፎ ነው። ኦርቶዶክሶች ወንድሞችና እህቶቼም ይህን ያውቁታል። በሰሙነ ሕማማት ይሰገዳል፣ እግዚኦ ይባላል፣ የመሳሳም ሰላምታ እንኳ ይቀራል። ፋሲካን የሚያህል ደስታ ያላት ቤተ ክርስቲያን ለሐዘን ሙሉ ሳምንት ሰጥታለች። እኛ ለጓደኛችን ሐዘን አምስት ደቂቃ እንኳ እንነፍጋለን።

ጳውሎስንም እንጥራ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነውና። በፊልጵስዩስ ከሲላስ ጋር በበትር ተደብድቦ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ እኩለ ሌሊት ላይ ዘመረ። እስከዚህ ሁሌ ይሰበካል። የማይሰበከው ጠዋት የሆነው ነው። ገዢዎቹ በዝምታ ልቀቋቸው ብለው ሲልኩ ጳውሎስ አልሄድም አለ። ሮማዊ ዜጎች ነን፣ ሳይፈረድብን በአደባባይ ገረፉን፣ አሁን ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጥተውም ለመኗቸው። ሌሊት የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው አንድ ሰው ነው። በኋላ ታስሮ ሳለ ለዚያችው ከተማ የጻፈው ደብዳቤ በደስታ የተሞላ ነው፤ ግን የሚያመሰግናቸው ስለላኩለት ትክክለኛ እርዳታ ጭምር ነው። ምስጋናው አድራሻ ነበረው።

በሌላ በኩል ደግሞ የማያምኑ ጓደኞቼ አሉ። «ምስጋና ማደንዘዣ ነው፤ የሚያመሰግን ሰው አይታገልም» ይላሉ። ለእነሱ ጉዲና ቱምሳን አነሳለሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ ማገልገል ልክ አይደለም ብላ ተከራከረች። ደርግ ደጋግሞ አሰረው። ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብለት እምቢ ብሎ ከምእመናኑ ጋር ቀረ። በሐምሌ 1971 ታፍኖ ተገደለ። ይህ የደነዘዘ ሰው ታሪክ ነው? ምሬት ብቻውን ሰውን ለትንሽ ጊዜ ያስሮጣል፣ ከዚያ ያቃጥለዋል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ያልተነጠቀው ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት። ምስጋና ያንን መቁጠር ነው፤ የተነጠቀውን ሳይሰርዙ።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ስታመሰግኑ ስም ጥሩ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ቀላል ነው፤ «ትናንት እራት ስላካፈለችኝ ጎረቤቴ ተመስገን» ግን ሰውን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ሰው «ተመስገን» ሲላችሁ እዚያ ላይ አታቁሙ። «እሺ ተመስገን፤ ኪራዩስ እንዴት ሆነ?» በሉ። ሦስተኛ፣ ደመወዝ ያለን ሰዎች ሥራ ላጣ ሰው ስለ ደስታ ከመስበካችን በፊት የወሩን ዕቁብ፣ የጤፉን ዋጋ፣ የሲቪውን ነገር እናግዝ። ከዚያ በኋላ አብረን እንዘምራለን። እሷም ከፈለገች ትዘምራለች፤ ማልቀስ ካማራትም ቦታውን እንልቀቅላት፣ አጠገቧም እንቀመጥ።