የደሴት ምድጃ ምን ያቃጥል?

በአየርላንድና በብሪታንያ መካከል ባለው ባሕር ላይ የምትገኘው አይል ኦፍ ማን 572 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 84 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት። ሆስፒታል አላት፤ በግና ከብት የሚያረቡ ገበሬዎችም አሏት። ስለዚህ ያገለገለ መርፌ፣ በደም የራሰ ፋሻ፣ ከቀዶ ሕክምና የተረፈ የሰውነት ክፍልና በጋጣ የሞተ እንስሳ በየጊዜው ይኖራታል። በሰፊ አገር ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። በደሴት ግን መንገዱ የሚያበቃው ባሕሩ ጋ ነው።

የምከራከርበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ትንሽ ደሴት የራሷ ማቃጠያ ምድጃ ያስፈልጋታል። ያ ምድጃ ጉዳት የማያደርሰው ግን በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ሲውልና ሌላ መፍትሔ የሌለውን ቆሻሻ ብቻ ሲያቃጥል ነው።

ብዙዎች ከማቃጠል መቅበር ይሻላል ይላሉ። ሆኖም የሚቀበር ነገር ሁሉ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1942 የብሪታንያ ሳይንቲስቶች በስኮትላንድ ጠረፍ ባለችው ግሩናርድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የአባ ሰንጋ ጦር መሣሪያ በበጎች ላይ ሞከሩ። ተህዋሲው አፈሩ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ቆየ። አፈሩ በ1986 በፎርማልዴሃይድ ታክሞ ደሴቲቱ ከስጋት ነፃ የተባለችው በ1990 ነው። የመጠጥ ውኃዋን ከዚያው ከጠባብ መሬቷ ለምታገኝ ደሴት ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በመርከብ መላክስ? በ1989 የወጣው የባዝል ስምምነት የሕክምና ቆሻሻን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ነገሮች መካከል በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦታል፤ ከአገር ወደ አገር ለማሻገር የተቀባዩን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ግድ ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ ፈቃዱም ወደቡም ይጠብባል። በ2001 የአፍተ ግር በሽታ በብሪታንያ 2,026 ስፍራዎች ላይ ተረጋግጦ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። አይል ኦፍ ማንም ራሷን ለመጠበቅ ስትል በዓለም የታወቀችበትን የሞተር ብስክሌት ውድድር እስከመሰረዝ ደረሰች። እንዲህ ባለ ጊዜ የጎረቤትን በድን የሚቀበል አገር አይገኝም።

እንግዲህ እሳቱ ይቀራል። እሳት ግን ሁሉ አንድ አይደለም። የእብድ ላም በሽታን ከሚያመጣው ዓይነት ፕሪዮን (በሽታ አምጪ ፕሮቲን) ጥቂቱ በ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተቃጠለ በኋላም በሽታ የማስያዝ ኃይሉን እንዳላጣ በቤተ ሙከራ ታይቷል። የአውሮፓ ደንብ ጭሱ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ በ850 ዲግሪ እንዲቆይ ያዛል፤ ክሎሪንና መሰሎቹ የበዙበት አደገኛ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ 1,100 ዲግሪ ይጠይቃል። ጭሱ ሲቀዘቅዝም ሌላ ጣጣ አለ። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ከቆየ ዳይኦክሲን የተባለው መርዝ እንደገና ስለሚፈጠር፣ ያንን ደረጃ በፍጥነት ማለፍ አለበት።

የትንሽ ደሴት ፈተና እዚህ ላይ ይጎላል። የአንድ ሆስፒታል ቆሻሻ ምድጃን ሳያቋርጥ ለማንደድ አይበቃም። በሳምንት አንዴ የሚለኮስ ምድጃ የሥራ ጊዜው ብዙው በመሞቅና በመቀዝቀዝ ያልፋል፤ መርዙ የሚበዛውም በእነዚህ ሰዓታት ነው። የእንስሳ በድን ደግሞ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ያለ ነዳጅ አይነድም። ሁለቱን በአንድ ተቋም፣ በአንድ የሠለጠነ ቡድንና በአንድ የጭስ ማጣሪያ ማስተዳደር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። አይል ኦፍ ማንም ሁለቱን ያኖረቻቸው በአንድ ተቋም ነው። ከ2004 ጀምሮ በዋና ከተማዋ በዳግላስ አቅራቢያ በሚሠራው ጣቢያ፣ በዓመት እስከ 60 ሺህ ቶን ቆሻሻ ማቃጠል ከሚችለው ዋና መስመር ጎን፣ ለሕክምናና ለእንስሳት ቆሻሻ እስከ 5 ሺህ ቶን የሚችል ትንሽ መስመር ተሠራ።

ነገር ግን ምድጃ አንዴ ከተሠራ ሁሉን ነገር ወደ እሱ መወርወር ይቀላል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከተራ የቤት ቆሻሻ የተለየ አይደለም፤ አደገኛው 15 በመቶ ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው በ121 ዲግሪ እንፋሎት በሚሠራ ኦቶክሌቭ ከተህዋሲ ሊጸዳ ይችላል። ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ ፕላስቲክና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከምድጃው ከራቁ ጭሱ ብዙ መርዝ ይቀንስለታል። ስለዚህ የደሴቲቱን አየር በመጀመሪያ የምትጠብቀው መርፌውን በሴፍቲ ቦክስ፣ ካርቶኑን በሌላ ቅርጫት የምትለየው ነርስ ናት።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዳይኦክሲንንና መሰል መርዞችን ለመቀነስ የወጣውን የስቶክሆልም ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች። ከከተማ በራቁ ጤና ጣቢያዎቻችን ግቢ የምናያቸው የጡብ ማቃጠያዎች 850 ዲግሪ ሊዘልቁ ይቸግራቸዋል። ለእነሱም የመጀመሪያው ሥራ ቆሻሻን ከምንጩ መለየት ነው፤ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ሊጀመርም ይችላል።

ምድጃ ሊሠራ ያሰበ የደሴት ምክር ቤት ከግዢው በፊት ሦስት ነገሮችን በሕግ ይወስን፦ ምን እንደማይቃጠል፣ የጭሱ ልኬት በስንት ጊዜ ለነዋሪው እንደሚገለጽ፣ መርዙ ተጠራቅሞበት የሚቀረው አመድ የት እንደሚያርፍ። ጭሱን የሚተነፍሰው ሕዝብ ከልቡ ሊስማማ የሚችለው እነዚህ ሦስቱ ሲመለሱለት ነው። ካልተመለሱለት ግን አይሆንም ቢል እውነት አለው።