የሚጠፋው አምፕሊፋየር

ራሱን በራሱ እያጠፋ ያስቸገረውን አምፕሊፋየር ይዞ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሰው ልመናው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እንዳይጠፋ አድርግልኝ!» ይህን ልመና በሰማሁ ቁጥር እሰጋለሁ። በእኔ አስተያየት፣ ከዚያ ሁሉ ሽቦና ትራንዚስተር መካከል ሥራውን በትክክል እየሠራ ያለው ያ የሚያጠፋው ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ዘብ ቆሟል። ሙቀት ከልክ ሲያልፍ፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ከረንት ሲበዛ፣ ወይም ጨርሶ እዚያ መድረስ የማይገባው ዲሲ ብቅ ሲል፣ ዘቡ «ቀጭ» አድርጎ በሩን ይዘጋል። ድምፁ የሪሌይ ነው። በሩ ባይዘጋ ያ ዲሲ በስፒከሩ ሆድ ያለውን ቀጭን የሽቦ ጥቅልል አግሎ ያቃጥለዋል።

ጎረቤቴ ከሟች አባቱ የወረሳቸው ሁለት ስፒከሮች ነበሩት። ጠጋኙ ዘቡን አልፎ «ዳይሬክት» አደረገለት፤ መሣሪያውም ሁለተኛ አልጠፋም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘፈነ። ከዚያ አንድ ምሽት ከግራው ስፒከር የቃጠሎ ሽታ መጣ። ሣጥኑ ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ አለ፤ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ግጥም የምታነቡ ሰዎች ዝምታ የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት ታውቃላችሁ። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ መቼ ነው የሚጠፋው? ሶኬቱን ነቅላችሁ የስፒከሮቹን ሽቦ አውጡና እንደገና አብሩት። ያለ ስፒከርም ወዲያው ከጠፋ ሕመሙ ከውስጥ ነው፤ ምናልባት የተቃጠለ የመውጫ ትራንዚስተር ይሆናል። ካልጠፋ ግን ሽቦዎቹን መርምሩ። እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት ክር ከጎረቤቷ ተርሚናል ጋር ተነካክታ ቤቱን ሁሉ ጸጥ ልታሰኝ ትችላለች። ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሸክሙን ቁጠሩ፤ ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉም አምፕሊፋየር አይችለውም። የሚችለው ልክ ከጀርባው ተጽፏል።

ግማሽ ሰዓት ዘፍኖ የሚጠፋው ሙቀት የያዘው ነው። እናቶቻችን አይቀየሙኝና፣ በላዩ የተነጠፈው ዳንቴል መተንፈሻውን ደፍኖታል። ዳንቴሉን አንሡ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ከላዩ የተጫነውንም ዴክ አውርዱ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት፤ መቼ መቼ እንደሚጠፋም በዝርዝር ንገሩት። «ዳይሬክት ላድርገው?» ካላችሁ ግን ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።