ግብር ለተሰበሰበበት አገር የሚገባው ድርሻ

ግብር የመንግሥት ኃይል፤ የሕዝብም አደራ ነው። ሕዝብ ከላቡ ዋጋ ከፍሎ ለመንግሥት የሚሰጠው፣ መንግሥትም በፍርድ፣ በመንገድ፣ በትምህርትና በሕክምና መልሶ እንዲሰጠው ነው። ስለዚህ ግብር ከፋይ የገንዘቡን ፍሬ በደጁ ሲያይ በፈቃዱ ይከፍላል፤ ማየት ሲሳነው ግን ግብሩ እንደ ቅጣት ይቈጠርበታል።

ይህ ነገር ዛሬ ከአማን ጋር ሚዛን አማን በተባለችው በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሕዝቡ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተመሥርቷል። የክልሉም መቀመጫ በአንድ ከተማ ሳይከማች ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ተከፍሏል። ሥልጣን እንዲህ ለአራት ከተሞች ከተካፈለ፣ ገንዘብም ለወረዳዎች በሥርዓት የማይካፈልበት ምክንያት የለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ97ኛው አንቀጽ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅቶች ሠራተኞችን የሥራ ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴዎችን የትርፍ ግብር፣ የአራሾችንም የእርሻ ገቢ ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ግን በ98ኛው አንቀጽ የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ ገቢ አድርጎታል። እንግዲህ በበበቃና በሌሎቹ የግል ቡና እርሻዎች የሚሠራው ደመወዝተኛ፣ በቴፒ ገበያ ቡና የሚነግደውም ነጋዴ የሚከፍለው ግብር የክልሉ ነው። የወረዳዎችን ድርሻ ግን ሕገ መንግሥቱ በቍጥር አልወሰነም፤ በ50ኛው አንቀጽ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዝዟል። ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠታቸው መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከወረዳ በጀት የሚበዛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ ለመድኃኒትና ለድልድይ ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ወረዳው ተግቶ የሰበሰበው ገንዘብ ከድጎማው ላይ የሚቀነስበት ከሆነ የትጉህና የሰነፍ ዋጋ አንድ ይሆናል። የሚያበራይ በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር በኦሪት ታዟል።

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህ ለትንሽ ደመወዝተኛ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ከደመወዝ የሚሰበሰበውን ግን ስለሚቀንስ፣ የቀረው በትክክል መከፋፈሉ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

አሳቡ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር በየጠቅላይ ግዛቱ ለትምህርት ሥራ እንዲውል ታስቦ የወጣ ነበር።

ሆኖም ግብሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ይቅር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነጋዴና ደመወዝተኛ የበዛበት ከተማ ብዙ ሲሰበስብ፣ ከብት አርቢ የሚኖርበት የምዕራብ ኦሞ ቆላ የሚሰበስበው ጥቂት ነው፤ የታመመ ልጅ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ። ስለዚህ አንዱ እጅ ለሰበሰበው ወረዳ፣ ሁለተኛው በሕዝብ ብዛትና በችግር መጠን ለሁሉም፣ ሦስተኛው ለክልሉ የጋራ ሥራ ቢሆን ሚዛኑ ይጠበቃል። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከገቢዋ የሚገባውን ለበላይ ፈሰስ አድርጋ የቀረውን በደጇ ላለው አገልግሎት ስለምታውል፣ ካህናት ይህን ሥርዓት አሳምረው ያውቁታል።

የእያንዳንዱም እጅ መጠን በየዓመቱ በሹም በጎ ፈቃድ የሚለዋወጥ ሳይሆን በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ወረዳውም በበኩሉ ድርሻውን እንደ ጠየቀ ሁሉ ሒሳቡን ያሳይ፤ የገባውና የወጣው በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ሒሳብ የማያሳይ ወረዳ ድርሻ ቢቀርበት የሚከራከርበት አፍ የለውም።

ሹማምንት ሥርዓቱን በማቆም፣ ካህናትም ግብር መክፈልና አደራ መጠበቅ አንድ ነገር መሆኑን በማስተማር ቢተባበሩ፣ የቡና አገር ሰው የከፈለው ብር ወደ የት እንደ ሄደ ሲጠየቅ በእጁ ጠቍሞ ትምህርት ቤቱንና ድልድዩን ያሳያል።